ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

ቅጹ ሃያ ሦስት ጥያቄ ነበረው። ሃያ ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ ጆሮ። አሥራ አራተኛው ግን የሲስተርን ደም ማፍላት ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። «ለወንድ ልጆች ብቻ፦ ሸለፈቱ ወደ ኋላ ይመለሳል?» ይልና ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይደለም»። «አይደለም» የተባለ ልጅ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። ያኔም «አይደለም» ከሆነ ቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይላካል። እንግዲህ ይህ ሁሉ አንደኛ ክፍል ለሚመዘገብ የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

የስድስት ዓመት ልጅ ሸለፈት ቢመለስም ጤና ነው፣ ባይመለስም ጤና ነው። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኖ መሥራት አያስፈልግም፤ ሲስተር ግን ሠላሳ ዓመት ሠርታለች። በዚያ ከተማ ልጁን የሚያስገርዝም የማያስገርዝም አለ፣ እሱ የየቤቱ ጉዳይ ነው፣ በዚያ አትጣላም። የሚያናድዳት ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ የሚያደርገው ወረቀት ነው። «ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው» ትላለች፣ «ወይ ልጅ አልወለደም፣ ወይ ሲወለድ ሱሪ ለብሶ ነው የወጣው።»

በመጀመሪያው ዓመት ቅጹን ላወጣው የከተማው ጤና ቢሮ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች። መልስ የለም። ከዚያ ወዲህ የራሷን ዘዴ ዘየደች፤ ለሁሉም ወንድ ልጅ፣ ሳታይ፣ «አዎ» ላይ ምልክት ታደርጋለች። ልጁን ሱሪህን አውልቅ አትልም፣ እናቱን አታስጨንቅም፣ ብዕሯ ሽው ብላ ወደ አሥራ አምስት ታልፋለች። የራሷ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባም እንዲሁ አድርጋለች። ለከተማው ትምህርት ቤቶች የተቀጠረች አዲስ ነርስ ለልምምድ ወደ እሷ በመጣች ቁጥር ወደ ጥግ ወስዳ «አሥራ አራትን አትጨነቂባት፣ አዎ በይና እለፊ» ትላታለች። ይህን ውሸት ብላው አታውቅም። ልጆችን ከቢላ ማዳን ነው፣ እግዜርም ያውቀዋል ባይ ናት። ከጠረጴዛዋ በላይ ደግሞ ቢሮው የሸለማት ሦስት የ«ምርጥ መዝጋቢ» ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል።

በምዝገባው ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ልጇን ይዛ የትምህርት ቤቱ ጤና ክፍል በር ላይ ቆመች። ሰማያዊ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ነው፤ የትኬት ቦርሳዋም ከወገቧ አልወረደም። ልጁን ሰፈሩ ሁሉ ድንቡሼ ይለዋል። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ሌላ ጊዜ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ዝም ብሏል፤ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ይራመዳል፤ በሁለት እጁም የሱሪውን ወገብ ጨምድዶ ይዟል።

«ሲስተር፣ ለድጋሚ ምርመራ ነው የመጣነው» አለች እናቱ ካርዱን እየዘረጋች።

ሲስተር መነጽሯን አደረገች። ከሦስት ወር በፊት፣ እሷ ጉልበቷን ታማ ፈቃድ ላይ ሳለች፣ አንዲት ጀማሪ ነርስ ልጁን በመዋዕለ ሕፃናት መርምራ አሥራ አራት ላይ «አይደለም» ብላለች፤ ያውም በቀይ ብዕር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች! ወደ ጥግ የሚወስዳት ሰው ስላልነበረ ልጅቷ ያየችውን ጽፋ አረፈችው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚራመደው?»

«ምንም አልሆነም። አዘጋጅቼው ነው።»

«አዘጋጅቼው ስትይ?»

«ለምርመራው ነዋ! ካርዱ ላይ አይደለም ከተባለ ጀምሮ ማታ ማታ ሳጥበው ለብ ባለ ዘይት ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እስብለታለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ያለቅሳል፣ ግን ለራሱ ነው። ትንሽ ነው የቀረው።» እናትየዋ የልጇን የቤት ሥራ ጨርሳ እንዳመጣች ሁሉ ፊቷ ላይ ኩራት ነበር።

ሲስተር ከወንበሯ ተነሣች። መጮህ ፈልጋ ልጁን ስታይ ዋጠችው። ዝቅ ብላ «ድንቡሼ፣ እናትህ እዚሁ አጠገብህ ሆና አንድ ጊዜ ብቻ ልየው? አልነካህም» አለችው። ልጁ እናቱን አየ፣ ከዚያ እያቅማማ እሺ አለ። ቆዳው ቀልቷል፣ አብጧል፣ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለጋትም። «ጎበዝ፣ ልበስ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። እጇን ስትታጠብ ውሃውን ከልክ በላይ ከፍታ እጅጌዋ ራሰ።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለች ዞር ሳትል። «ወንድ ልጅ ሲወለድ ያ ቆዳና ከሥሩ ያለው ገላ እንደ ጥፍርና ሥጋ የተጣበቁ ናቸው። ጉድለት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይላቀቃል። ያንዱ በሦስት ዓመቱ፣ ያንዱ በስምንት፣ ያንዱ በአሥር፣ ያንዱ ጢም ማውጣት ሲጀምር። በጉልበት ስትጎትቺው ትቀጂዋለሽ። የተቀደደው ሲድን ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ይጠብቅና ያኔ እውነተኛው ችግር ይመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሲሸና እኮ ጫፉ እንደ ፊኛ ይነፋል።»

«ካላመመውና ሽንቱ ከወረደ ይነፋ።»

«ነጭ ነገርም ከቆዳው ሥር አይቻለሁ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ። መግል ነው ብዬ ልሞት ነበር።»

«መግል አይደለም። ቆዳው ሲላቀቅ የሚከማች የረገፈ ቆዳ ነው። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይወጣል።»

«ታዲያ እንዴት ነው የማጥበው?»

«እንደ ጣቱ! ከውጭ፣ በውሃ። ጣቱን ለማጠብ ጥፍሩን ትነቅያለሽ?» ሲስተር ድምፅዋ እንደጨመረ ታወቃትና ዝቅ አደረገችው። «የእኔ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት እስኪሞላው አልተከፈተም። አንድ ቀን የራሴ ሳሙና ይገዛልኝ አለ፣ መታጠቢያ ቤቱንም መቆለፍ ጀመረ። ገባኝ። በበሩ በኩል ‹ስትጨርስ ቆዳውን ወደ ቦታው መልሰው› ስለው ‹እማዬ፣ በቃ!› ብሎ ጮኸብኝ። በዚሁ አለቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እኔና አንቺ ባንገፋውም።»

እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሲስተር ቅባት ሰጠቻት፣ አቀባቡን አሳየቻት፣ ሽንት ቢከለክለው ወይም እብጠቱ ቢጨምር አውቶቡሱንም ሥራውንም ጥላ ወደ ሐኪም እንድትሮጥ ነገረቻት። ሁሉም መልክ ያዘ። ከዚያ ሲስተር እንደ ልማዷ ካርዱን ሳበችና አሥራ አራት ላይ «አዎ» ብላ ምልክት አደረገች።

ትኬት ቆራጮች ወረቀት ያነባሉ። «ምን ብለው ጻፉ?» አለች እናትየዋ አንገቷን አስግጋ።

«አዎ።»

«አልተከፈተም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አዎ ይላሉ?»

«ቢላ እንዳይነካው ነዋ! አዎ ካልኩ ማንም አይፈልገውም፣ ነገሩ እዚሁ ያበቃል።»

እናትየዋ ካርዱን አንሥታ ትክ ብላ አየችው። «የጎረቤቴ ልጅ ከኔ ልጅ በአራት ወር ያንሳል» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈው ሳምንት ተመዝግቦ ካርዱን እናቱ አሳይታኛለች፤ የታላቁንም እንደዚሁ አምና። ሁለቱም ላይ አዎ ይላል። በዚሁ ጽሕፈት። እነሱም እንዲህ ነው የተጻፈላቸው?»

ሲስተር የብዕሯን ክዳን ፈልጋ ከደነች።

«እንግዲያው እርስዎ የሚሉትን ነው የማምነው ወይስ የሚጽፉትን?» ትኬት ቆራጯ የልጇን እጅ ያዘች። «ቀጠሮ ይርቃል ብዬ ቀድሜ አስይዤ ነበር፤ ሐሙስ ቀዶ ጥገና ክፍል ይጠብቁናል። እነሱ ይወስኑ። ቢያንስ ያዩትን ይናገራሉ።» በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች፤ ወርውራ ብትዘጋው ይሻል ነበር።

ያዩትን ይናገራሉ! እዚያ ከቢሮ ወረቀት ይዞ የመጣ ልጅ ተራ ይሰጠዋል እንጂ ማን ያየዋል? ሲስተር ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ዋለች። በጀማሪዋ ተናደደች፣ በእናትየዋ ተናደደች፣ በጎረቤቲቱ ተናደደች። ከሁሉም በላይ በቢሮው። ሐሙስ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ያቺን ሴት የሚመልሳት ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጉልበቷን እያሻሸች የቢሮውን አራት ፎቅ ደረጃ ወጣች።

የቢሮው ኃላፊ ከጀርባው «ማኅተሙ» ይሉታል። ምሳውን እንኳ ማኅተም ካልተመታበት አይበላም እየተባለ የሚታማ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«ጥያቄ አሥራ አራት ይሰረዝልኝ» አለች ሲስተር ሳትቀመጥ።

«ሲስተር፣ ቅጽ አይሰረዝም። ይሻሻላል።»

«ይሻሻል!»

«ለማሻሻል መነሻ ያስፈልጋል።»

«መነሻው አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እናቱ ስትጎትተው ቆስሏል፣ ሐሙስ ደግሞ አንዳች በሽታ ሳይኖርበት ሊቀደድ ነው። በዚህ ዕድሜ አለመከፈቱ ጤና ነው። የዓለም ሐኪም ሁሉ የሚያውቀውን ይህ ቢሮ ብቻ ለምንድን ነው የማያውቀው? ማን ነው እዚህ ዓይን ያለው?»

ኃላፊው አልተቆጣም። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መዝገብ አወረደና አቧራውን በመሐረብ ጠረገ። «እኛም ጠይቀን ነበር» አለ። «የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የሕፃናት ሐኪም እርስዎ የሚሉትን ብሎ መጥቶ ነበር። በስድስት ዓመት ብዙው ልጅ ገና ነው፣ ጥያቄው ይውጣ አለን። እኛም መዝገባችንን አወጣን። ይኸው፣ በከተማው ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ልጅ አዎ ተብሏል። በእርስዎ ትምህርት ቤት ደግሞ መቶ ከመቶ ነው፤ ዓመት በዓመት። ሰውዬው ምን ይበል? እዚህ ያለው ልጅ ቶሎ ይደርሳል ማለት ነው ብሎ ይቅርታ ጠይቆን ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ባለፈው ዓመት ‹በስድስት ዓመቱ ያልተከፈተ ከጤና ውጭ ነው› የሚለውን መመሪያ ያወጣነው። ከእርስዎ መዝገብ ነው የተነሣነው። ምርጥ መዝጋቢ ያልንዎትም ለዚሁ ነው።»

ሲስተር ተቀመጠች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። መዝገቡ ላይ የሷ ጽሕፈት ገጽ በገጽ ተሰልፏል፤ «አዎ»፣ «አዎ»፣ «አዎ»። የቀሩት ነርሶች «አዎ»ዎችም የማን ትምህርት እንደሆኑ አሳምራ ታውቃለች። ይህን ጥያቄ የሚያስወጣ ሰው በእግሩ ቢሮ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አሳፍራ የመለሰችው እሷ ናት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ የሷ ቁና ግን በሌሎች እናቶች ልጆች ላይ ነበር የተሰፈረው። ሰኞ ስትነጫነጭበት የዋለችው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ አሁን አወቀች። አፈረች።

«ወረቀት ስጠኝ» አለች።

የስሟን ድምር ከመዝገቡ አይታ እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጻፈች፦ «ባለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት በጥያቄ አሥራ አራት ‹አዎ› ብዬ ከመዘገብኳቸው አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች አንዱንም አላየሁም። ሌሎች ነርሶችም እንዲሁ እንዲያደርጉ የመከርኩት እኔ ነኝ። በዚህ መዝገብ ላይ የተመሠረተ መመሪያ ሁሉ ሐሰት ነው።» ፈረመች።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሲስተር፣ ይህ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ጡረታዎ እኮ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ትንሽ ቢያለሰልሱት...»

«ሲለሰልስ ነው እዚህ የደረሰው። ማኅተም ምታ።»

ሰውዬው ማኅተሙን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እ... ሲስተር። ለምሳሌ ልጁ የስምንት ዓመት ቢሆንስ?»

«የማን ልጅ?»

«ለምሳሌ ነው እንግዲህ። እናቱ በየሳምንቱ ትንሽ... እኔም መመሪያው ስለሚል ዝም ብዬ...»

«ተዉት! ነገም ተዉት፣ ከርሞም ተዉት! ራሱ መሳብ እስኪጀምር ድረስ የማንም እጅ አይድረስበት!» ሲስተር ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «አንተን የሚያህል ሰው፣ የገዛ ልጅህን በወረቀት!» ካለች በኋላ ግን ወረቀቱን የሞላው ማን እንደሆነ ትዝ አላትና አፏን ያዘች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

«ማኅተሙ» ጆሮው ቀልቶ ሁለት መስመር ደብዳቤ ጻፈ። ጥያቄ አሥራ አራት እስኪመረመር ታግዷል፤ በሱ ምክንያት የተያዙ ቀጠሮዎች በሙሉ ተሰርዘዋል። ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። የሲስተርን የምስክር ወረቀቶች ስለ መመለስ አንድም ነገር አላነሣም፤ እሷ ራሷ በማግስቱ ጠዋት አውርዳ እንደምትልክለት ነገረችው።

ረቡዕ ዕለት ሲስተር መጨረሻው ፌርማታ ሄዳ አውቶቡሱን ጠበቀች። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ገባች። ትምህርት ገና ስላልተጀመረ ድንቡሼ ከእናቱ ጋር ነው የሚውለው። ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን ከፈት አድርጎ ተቀምጧል፤ እጆቹ እንደ ሰኞው የሱሪው ወገብ ላይ ናቸው። ሲስተርን ሲያይ ጠበቅ አደረጋቸው።

ሲስተር ደብዳቤውን ሰጠቻት። ትኬት ቆራጯ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። «ሐሙስ ቀረ ማለት ነው?»

«ቀረ። በሽታ የለበትም። ቢሮውም አምኗል።»

«እስከ ሰኞ ያላመነው ቢሮ ዛሬ ምን አግኝቶ አመነ?»

ይህን ጥያቄ እንደምትጠይቃት ሲስተር መንገድ ላይ ሳለች አውቃ ነበር። «ለቢሮው ስዋሽ እንደኖርኩ ጽፌ ሰጠኋቸው» አለች። «ልጆች በሙሉ በስድስት ዓመታቸው ይከፈታሉ የተባለው በእኔ ጽሕፈት ነው። ሳላይ አዎ እል ነበር። ለጎረቤትሽም ልጆች።»

«ለስንት ልጅ?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ከነሱ ስንቱን አየሽ?»

«እርስዎ» መባሉ መቅረቱን ሲስተር አስተዋለች። ቅር አላላትም። «አንዱንም።»

«የራስሽስ ልጅ? በአሥራ ሦስት ዓመቱ ያልሽኝ?»

«የሱም ካርድ በስድስት ዓመቱ አዎ ይላል።»

ሾፌሩ ከፊት ሆኖ ሞተሩን አስነሣ። ትኬት ቆራጯ ምሰሶውን ይዛ ወደ ውጭ አየች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ማታ ማታ ‹እማዬ በቃ› ይለኛል። የኔ እናት በቃ ይለኛል። እኔ ደግሞ ያ የጎረቤቴ ትልቁ ልጅ የአምና ካርድ ይመጣብኛል። ያኛው ችሏል፣ የኔ ምን ጎደለው እያልኩ... ልጄ እያለቀሰ፣ ሲስተር። እጁ የኔ ነው፣ አልክድም። አዎው ግን ያንቺ ነው።»

ሲስተር «ለደግ ብዬ ነው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያመነችበት ነገር ነው። ዋጠችው። «ልክ ነሽ። አንቺንም እሱንም ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

ድንቡሼ ከኋላ ሆኖ ሲያዳምጥ ኖሯል። «እማዬ፣ ዛሬ ማታ ዘይት አለ?»

«የለም።»

«ነገስ?»

«የለም የኔ ጌታ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

እናትየዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፍታ እንባዋ ቀደማት። በጃኬቷ እጅጌ ጠረገችና ወደ ሲስተር ዞረች። «አንቺ ንገሪው። እኔን አያምነኝም።»

ሲስተር የታመመ ጉልበቷን አጥፋ ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች። «ከእንግዲህ ማንም አይጎትተውም። እናትህም፣ እኔም። የራስህ ገላ ነው። ስታድግ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ አንተው ታውቀዋለህ። ቢያምህ ብቻ ለእናትህ ትነግራለህ፣ ሐኪም ያየዋል። በቃ።»

ልጁ ዓይን ዓይኗን አያት። «አዎ?» አላት።

«አዎ» አለችው ሲስተር። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ከበዳት።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱ ሴቶች ሱሪውን ይለቅ እንደሆን እጁን እያዩ ጠበቁ። ድንቡሼ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሲስተርን ተመለከተና የሱሪውን ወገብ ሳይለቅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።